ሙታማና ደንብ ቁጥር 8



የህንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1961 ለዲፕሎማቶቹ ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ውስጥ ቁጥር 8 ንዑስ ቁጥር 2 የሚባል አንድ ድንጋጌ ነበር። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ በውጭ ጉዳይ አገልግሎት የተቀጠረች ሴት ከማግባቷ በፊት መንግሥትን በጽሑፍ ታስፈቅድ፤ ካገባችም በኋላ ቤቷና ቤተሰቧ ሥራዋን ያስተጓጉሉባታል ብሎ መንግሥት ካመነ በማንኛውም ጊዜ ልቀቂ ሊላት ይችላል። በዚያው ዓመት የወጣው የቅጥርና የዕድገት ደንብ ደግሞ በቁጥር 18 ንዑስ ቁጥር 4 ላይ፣ ያገባች ሴት በዚህ አገልግሎት መቀጠር መብቴ ነው ልትል አትችልም ይላል። ወንዱ ዲፕሎማት ሲያገባ ግን ቤቱና ቤተሰቡ ሥራውን ያስተጓጉሉበት እንደሆነ የሚጠይቅ አንቀጽ አልነበረም።

ዛሬ የማወራላችሁ ይህን ደንብ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ወስደው ስለሞገቱ ሴት ነው። ቾኒራ ቤሊያፓ ሙታማ ይባላሉ። የህንድን የመንግሥት አገልግሎት ፈተና በማለፍ የመጀመሪያዋ ሴት፣ በውጭ ጉዳይ አገልግሎት የመጀመሪያዋ ሴት፣ ከአገልግሎቱ ውስጥ አድገው አምባሳደር በመሆንም የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። እነዚህን ሦስቱን ስለ እርሳቸው በተጻፈ በማንኛውም አጭር ጽሑፍ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ። እኔ ጊዜ ወስጄ ልነግራችሁ የፈለግሁት በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ስላደረጉት ነገር ነው። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ስለ ህንድ ሴት ዲፕሎማት ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን የቪጃያ ላክሽሚ ፓንዲት ስም ነው፤ ይገባቸዋልም። የጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔሩ እህት ናቸው። በነፃነት ትግሉ ጊዜ እንግሊዞች ሦስት ጊዜ አስረዋቸዋል። ባለቤታቸውም ታስረው ስለነበር ከእስር የወጡት ጤናቸው ተቃውሶ ነው፤ በ1944 አረፉ። ፓንዲት ሦስት ሴቶች ልጆች ይዘው ቀሩ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው የዚያ ዘመን የሂንዱ ሕግ የባላቸውን ውርስ ነፈጋቸው። እንዲህ ካለው ሐዘንና በደል ተነስተው በ1947 በሞስኮ የነፃዋ ህንድ የመጀመሪያ አምባሳደር ሆኑ፤ በ1949 ወደ ዋሽንግተን ተሻገሩ፤ በ1953 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ በዚያ ወንበር የተቀመጠ ሴት ከእርሳቸው በፊት አልነበረም። ከ1954 እስከ 1961 ደግሞ በለንደን አገራቸውን ወከሉ።

ክብራቸውን ለማሳነስ አይደለም የማነሳቸው። ነገር ግን ፓንዲት ወደዚህ ሥራ የገቡት በፈተና አይደለም፤ በትግል ታሪካቸውና ወንድማቸው በሚመሩት መንግሥት ሹመት ነው። በሹመት ለመጣ ሰው የቅጥር ደንብ አይጠቀስበትም። በዚያው በ1949፣ እርሳቸው በህንድ ስም ዋሽንግተን ሲገቡ፣ ስሟ ለማይታወቅ ተወዳዳሪ ኒው ዴልሂ ላይ የሚቀርብላት ወረቀት ሌላ ነበር።

ሙታማ የተወለዱት በጃንዋሪ 1924 ነው፤ ደቡብ ህንድ ውስጥ ኩርግ በምትባል ተራራማ አገር፣ ቪራጅፔት ከተማ። የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ኮዳጉ ይሏታል። ደንና ዝናብ የበዛባት፣ ከእኛ ምድር የወጣው ቡና ሥር ሰዶ የሕዝቡ መተዳደሪያ የሆነባት፣ በቡናው መካከልም ቁንዶ በርበሬ የሚበቅልባት አገር ናት። የኩርግ ሰዎች በወታደርነታቸው ይታወቃሉ። የህንድን ጦር አዛዥነት ከእንግሊዞች እጅ የተረከቡት የመጀመሪያው ህንዳዊ ጄኔራል ካሪያፓ የኩርግ ልጅ ናቸው፤ የተረከቡትም በጃንዋሪ 1949 ነው። ሙታማ ወደ ውጭ ጉዳይ አገልግሎት የገቡት በዚያው ዓመት ነው። የጄኔራሉ ሥነ ሥርዓት ዛሬም በየዓመቱ ጃንዋሪ 15 የጦር ሠራዊት ቀን ተብሎ ይከበራል። ለሙታማ የሚከበር ቀን የለም።

አባታቸው የደን ሹም ነበሩ፤ ሙታማ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው ሞቱ። እናታቸው አራት ልጆች ይዘው ቀሩ፤ አራቱንም ሳያስተምሩ ላያርፉ ቆረጡ። የዚያን ጊዜ የኩርግ እናት፣ ያውም ባል የሞተባት፣ ሴት ልጇን አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት ዳሩ የሚሏት ዘመድና ጎረቤት እንደማይጠፉ መገመት አያዳግትም። እርሳቸው ግን ልጃቸውን በማዲኬሪ ትምህርት ቤት አስጨርሰው ወደ ማድራስ፣ ወደ ዛሬዋ ቼናይ ላኩ። ሙታማ በሴቶች ክርስቲያን ኮሌጅ በወርቅ ሜዳሊያ ተመረቁ፤ ከዚያም በፕሬዚደንሲ ኮሌጅ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ማስትሬታቸውን ያዙ። የመንግሥት አገልግሎት ፈተናውን የወሰዱት በ1948 ነው፤ ለውጭ ጉዳይ ከተመረጡት ውስጥ ከፊት ነበሩ።

የጽሑፉ ፈተና ካለፈ በኋላ ቃለ መጠይቅ መጣ። ሙታማ በኋላ ለፍርድ ቤት ባቀረቡት አቤቱታ እንደገለጹት፣ የፈታኞቹ ሰብሳቢ የውጭ ጉዳይ አገልግሎትን እንዳይመርጡ ሊያግባቧቸው ሞክረዋል። ፈተናውን ያለፈ ሰው የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት ለመምረጥ ውጤቱ ይበቃው ነበር፤ እርሳቸው ግን ከውጤታቸው ሌላ ምክር ተጨመረላቸው። አልተቀበሉም። ስለዚህ ሁለተኛው ነገር ተከተለ። ሲቀጠሩ አንድ የግዴታ ጽሑፍ እንዲፈርሙ ተደረገ፤ ካገባሁ ሥራዬን እለቃለሁ የሚል። ሙታማ ፈረሙ። ዕድሜያቸው ሃያ አምስት ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ይህን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ ለምን ፈረሙ የሚል ነበር። መልሱ ቀላል ነው፤ ካልፈረሙ አይገቡም ነበር። ከውጭ ሆኖ ደንብ የሚቃወም ሰው ድምፁ የሚሰማው እንደ ቅሬታ ነው። ፈርመው ገብተው፣ ሠላሳ ዓመት ሠርተው፣ የሥራ ማኅደራቸውን ይዘው የተነሱ ጊዜ ግን መንግሥት ችሎታ የላትም ብሎ ሊመልሳቸው አልቻለም። ይህን ከመጀመሪያው አስበውት ነበር ለማለት አልደፍርም። የሆነው ግን እንዲህ ነው።

በጃንዋሪ 1950 የህንድ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 14 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል፤ አንቀጽ 15 በፆታ ማዳላትን ይከለክላል፤ አንቀጽ 16 በመንግሥት ሥራ ቅጥር ማንም በፆታው ምክንያት እንዳይገለል ያዛል። መቼም ሕገ መንግሥቱ ከወጣ በኋላ ሙታማ የፈረሙት ወረቀት ይቀደዳል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። የሆነው ተቃራኒው ነው። ሕገ መንግሥቱ ከጸና አሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ ያው ሐሳብ ደንብ ቁጥር 8 ተብሎ በመንግሥት ጋዜጣ በክብር ወጣ። የትልቁ ሕግ ድምፅ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሥራ መመሪያ ሳይወርድ ቀረ። እኔ እንደማምነው በየአገሩ የሰዎችን ሕይወት ይበልጥ የሚወስነው ይህ ታችኛው ወረቀት ነው፤ የዕድገት መስፈርቱ፣ የዝውውር መመሪያው፣ የፈቃድ ቅጹ።

ደንቡ ከየት መጣ? የህንድ ባህል ነው ብሎ መዝጋት ስህተት ይሆናል። እንግሊዝ ሴቶችን ወደ ዲፕሎማሲ ሥራ ያስገባችው በ1946 ነው፤ ያገቡትን ማሰናበቷንም የተወችው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። አሜሪካም እስከዚያው ድረስ ሴት ዲፕሎማት ስታገባ ሥራዋን እንድትለቅ ታደርግ ነበር። አውስትራሊያ በመንግሥት ሥራ ላይ የነበረውን ተመሳሳይ ክልከላ ያነሳችው በ1966፣ አየርላንድ በ1973 ነው። ህንድ ከምዕራባውያኑ ጋር አብራ ስትሄድ ነበር ማለት ይቻላል።

ሥሩን ለማየት የዚያን ጊዜ ኤምባሲ እንዴት ይሠራ እንደነበር ማስታወስ ይበቃል። አማካሪ ወይም አምባሳደር ወደ ውጭ ሲላክ ሚስቱም አብራ ትሄዳለች። የእራት ግብዣ ታሰናዳለች። የሚኒስትሮችን ሚስቶች ትቀበላለች። በጠረጴዛው ዙሪያ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ማን ሥጋ እንደማይበላ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ታውቃለች። በብሔራዊ በዓል ቀን ሦስት መቶ እንግዳ በሯ ላይ ቆማ ትጨብጣለች። ይህ ሁሉ የኤምባሲው ሥራ ነው፤ ደመወዝ ግን የለውም። ለመንግሥት የወንድ ዲፕሎማት ጋብቻ በአንድ ደመወዝ ሁለት ሠራተኛ ማግኘት ነበር። ሴቷ ስታገባስ? ባሏ የራሱን ሥራ ትቶ፣ ሻንጣዋን ተከትሎ፣ ባዕድ አገር ግብዣ ያሰናዳል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እንዲያውም የባሏ ሥራ እርሷን ይጎትታታል ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ በወንዱ በኩል ትርፍ የሆነው ጋብቻ በሴቷ በኩል ኪሳራ ተብሎ ተመዘገበ። የሚያሳዝነኝ በዚህ ሂሳብ ሁለት ሴቶች አብረው መጎዳታቸው ነው፤ አንዷ ሥራ ተከለከለች፣ ሌላዋ ያለ ደመወዝ ሠራች።

ሙታማ የመጀመሪያ ምደባቸው ፓሪስ ሆነ። ከዚያ ራንጉን፣ ከዚያ ለንደን። በኒው ዴልሂ ዋና መሥሪያ ቤትም በፓኪስታን ጉዳይና በአሜሪካ ጉዳይ ክፍሎች ሠርተዋል። በዘመኑ ለህንድ ዲፕሎማት ከፓኪስታን ጉዳይ የከበደ ወንበር አልነበረም። ሳያገቡ ነው የኖሩት። ምክንያቱ ደንቡ ነው አልልም፤ የሰው የግል ውሳኔ የሰው ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በራሱ ፈቃድ አለማግባቱ እና መንግሥት ካገባህ ትባረራለህ ብሎ አስፈርሞት አለማግባቱ ይለያያሉ። ሁለተኛው ሲኖር የመጀመሪያው ምን ያህል ነፃ እንደነበር ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ውሳኔውን ያደረገው ሰው ራሱም ጭምር። የደንቡ ክፋት እስከዚህ ድረስ ይገባል። ከሙታማ በኋላ ከመጡት ሴቶች መካከል ስላገቡ ብቻ አገልግሎቱን የለቀቁ ነበሩ፤ መንግሥት አሠልጥኖ፣ ቋንቋ አስተምሮ፣ ውጭ አገር ልኮ ያበቃቸውን ሰዎች በሠርግ ምክንያት አጣ።

በ1970 ሙታማ በቡዳፔስት የህንድ አምባሳደር ሆነው ተሾሙ። ይህ ትልቅ ቀን ነበር። ፓንዲት በሹመት ከሄዱ ሃያ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በፈተና የገባች፣ ከታችኛው ደረጃ ጀምራ ያደገች ሴት የኤምባሲውን ቁልፍ ተረከበች። ለማነጻጸር ያህል፣ ያንን ሁሉ የአስተዳደር ልማድ ለህንድ ያወረሰችው እንግሊዝ የመጀመሪያዋን ሴት አምባሳደር አን ዋርበርተንን ወደ ዴንማርክ የላከችው በ1976 ነው። ከሃንጋሪ በኋላ ሙታማ ወደ አፍሪካ መጡ፤ በጋና አክራ አገራቸውን ወከሉ።

እንግዲህ በእነዚህ ዓመታት ህንድን የሚመሩት ማን እንደነበሩ አስታውሱ። ኢንድራ ጋንዲ ናቸው፤ ከ1966 እስከ 1977 በጠቅላይ ሚኒስትርነት። ባለትዳር የነበሩ፣ የሁለት ልጆች እናት። በአገሪቱ ትልቁ ወንበር ላይ ሴት ተቀምጣ፣ በዚያው መንግሥት ደንብ ደግሞ ሴት ዲፕሎማት ለሠርጓ ፈቃድ ትጠይቅ ነበር። ሁለቱ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ኖሩ። ሴት ከላይ ከተቀመጠች የታችኛው ይስተካከላል የሚል እምነት በየመድረኩ እሰማለሁ፤ መልካም ምኞት ነው። የህንድ ታሪክ ግን በዚህ ጉዳይ አይደግፈውም። ደንብ የሚለወጠው ራሱን ደንቡን አንስቶ የሚጠይቅ ሰው ሲገኝ ነው።

ያ ሰው የተገኘው ሙታማ ለከፍተኛው እርከን በተራቸው ሲታዩ ነው። ይህ የአገልግሎቱ ከፍተኛ እርከን አንደኛ ደረጃ የሚባለው ነበር። አልተሰጣቸውም። ብቃት ጎደላቸው ተባለ። ከእርሳቸው በኋላ የተቀጠሩ ወንዶች ግን አለፉ። የሃያ ዘጠኝና የሠላሳ ዓመት የሥራ ማኅደር ያለው ሰው፣ ሁለት አገር አምባሳደር ሆኖ ያገለገለ ሰው፣ እንዲህ ሲባል ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ዝም ብሎ ጡረታውን መጠበቅ ነው፤ ሦስት ዓመት ነበር የቀራቸው። ሙታማ ሌላውን መረጡ። በ1979 የህንድን መንግሥት በህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሱ።

የህንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 መሠረታዊ መብቱ የተነካ ሰው በታችኛው ፍርድ ቤት ሳይመላለስ በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። የሕገ መንግሥቱ ዋና አርቃቂ ዶክተር አምቤድካር የሰነዱ ልብና ነፍስ ያሉት ይህን አንቀጽ ነው። ሙታማ የሄዱት በዚህ በር ነው። አቤቱታቸው ስለ አንድ ዕድገት ብቻ አልነበረም። በቃለ መጠይቁ ላይ የተባሉትን፣ ሲቀጠሩ የፈረሙትን፣ በሥራ ዘመናቸው ሴት በመሆናቸው ብዙ ጊዜ የደረሰባቸውን ዘረዘሩ። ዕድገት የሚሰጡት የካቢኔ ኮሚቴ አባላትና የመሥሪያ ቤታቸው የበላይ ኃላፊ በሴቶች ላይ በጅምላ ጥላቻ አላቸው ሲሉ ጻፉ። ደንብ ቁጥር 8ን እና ደንብ ቁጥር 18ን ደግሞ ከነቁጥራቸው ጠሩ። በሥራ ላይ ያለ አምባሳደር አለቆቹን በዚህ ቋንቋ ሲከስ አስቡት። ዲፕሎማት የሚሠለጥነው ቃሉን እንዲያለዝብ ነው፤ ሙታማ ሠላሳ ዓመት ሲያለዝቡ ኖረው በዚያ ወረቀት ላይ አላለዘቡም።

መንግሥት ምን አደረገ? ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከገባ በኋላ ዕድገቱን ሰጣቸው። ከጥቂት ወራት በፊት ብቃት የጎደላቸው ሴት አሁን ብቁ ሆነው ተገኙ ተብሎ በሄግ የህንድ አምባሳደር ሆነው ተሾሙ። መንግሥት ለችሎቱ ባቀረበው ቃለ መሐላም፣ ቁጥር 18 ንዑስ ቁጥር 4 ተሰርዟል፣ ቁጥር 8 ንዑስ ቁጥር 2ም በመሰረዝ ሂደት ላይ ነው አለ። በሌላ አነጋገር ተከራካሪው መንግሥት መልስ ከመስጠት ይልቅ የክርክሩን ምክንያት ማንሳት ጀመረ።

በሴፕቴምበር 1979 ውሳኔው ተነበበ። ሁለት ዳኞች ነበሩ፤ የጻፉት ዳኛ ክሪሽና አይየር ናቸው። ስለ እኚህ ሰው አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ከኬረላ ነው የመጡት፤ በ1957 በዚያ ክፍለ ግዛት በተመረጠው የኮሚኒስቶች መንግሥት ውስጥ ሚኒስትር ነበሩ። የእስረኞችን፣ የድኾችንና የሠራተኞችን መብት በሚመለከት የጻፏቸው ውሳኔዎች ዛሬም በሕግ ትምህርት ቤቶች ይነበባሉ። በዚህ ጉዳይ ላይ የጻፉት አጭር ነው፤ ግን የሚያቃጥል ነው። የሙታማ ታሪክ ሲነበብ አንቀጽ 14 እና 16 እውነት ናቸው ወይስ ተረት ብሎ ሰው እንዲጠይቅ ያደርጋል ይላሉ። ከዚያ ደንቡን ወደ ወንዱ ያዞሩታል። ሴቷ ስታገባ መንግሥት አደጋ ላይ ይወድቃል ከተባለ፣ ወንዱ ሲያገባም ያው አደጋ አለ። የቤት ጣጣ ሥራ ያውካል ከተባለ፣ የወንዱም ቤት ጣጣ ሥራውን ሊያውክ ይችላል። ታዲያ ለምን ለአንዷ ብቻ? የነፃነት ትግላችን ሴቶችን ከባርነት የማውጣት ትግልም ነበር፤ ነፃነት አይከፈልም ይላሉ።

እዚህ ላይ ለፍትሕ ስል አንድ ነገር ልጨምር። ዳኛ አይየር በሁሉም ሥራና በሁሉም ሁኔታ ወንድና ሴት አንድ ዓይነት ናቸው ብለን አንደነግግም ብለዋል፤ የሥራው ባሕርይ ልዩነት ግድ የሚልበት ቦታ ሊኖር ይችላል የሚል ክፍተት ትተዋል። አንዳንድ የሕግ ሰዎች ይህን እንደ ድክመት ያዩታል፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ያ ክፍተት በኋላ ጥቅም ላይ ውሏል። በ1981 የኤር ኢንዲያ የበረራ አስተናጋጆች ጉዳይ በዚያው ፍርድ ቤት ሲታይ፣ ስታረግዝ ትሰናበት የሚለው ደንብ ተሰረዘ፤ በተቀጠረች በአራት ዓመት ውስጥ አታግባ የሚለው ግን ጸና። ሙታማ ያስከፈቱት በር ለሁሉም እኩል ወለል ብሎ አልተከፈተም።

የመጨረሻው ትእዛዝ ደግሞ ብዙዎችን ግር ያሰኛል። ፍርድ ቤቱ የሙታማን አቤቱታ ዘጋው። ዕድገቱ ተሰጥቷል፣ ደንቦቹ እየተሰረዙ ነው፣ ስለዚህ የሚወሰን አልቀረም። ግን ሲዘጋው ሁለት ነገር ተናገረ። አንደኛ፣ በዕድገቱ መዘግየት ሙታማ ከእርሳቸው በኋላ በተቀጠሩ ወንዶች ተቀድመዋልና መንግሥት የቅድምና ደረጃቸውን እንደገና ያይ። ሁለተኛ፣ አቤቱታውን ብንዘጋም ችግሩን አልዘጋንም፤ መንግሥት የአገልግሎት ደንቦቹን ሁሉ ከፆታ አድልዎ ያጥራ፤ አንድ ሰው ፍርድ ቤት እስኪመጣ ድረስ አይጠብቅ። ለእኔ ከውሳኔው ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ሁለተኛው ነው። ምክንያቱም ሙታማ የፈለጉትን ዕድገት ቀድመው አግኝተዋል። የሄግ ሹመታቸው በእጃቸው ነበር። በዚያ ቀን ክሱን አንስቻለሁ ቢሉ ማንም አይወቅሳቸውም፤ አለቆቻቸውም ደስ ይላቸው ነበር። ጉዳዩ እስከ ውሳኔ መሄዱ ለእርሳቸው የጨመረላቸው ነገር ጥቂት ነው። የጨመረው ከእርሳቸው በኋላ ፈተና ለሚወስዱት ነው፤ ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ያንን ወረቀት መፈረም ለማይጠበቅባቸው።

ሙታማ በሄግ ሠርተው በ1982 ጡረታ ወጡ። ግን አልተቀመጡም። የስዊድኑ ኦሎፍ ፓልመ የሚመሩት የትጥቅ ቅነሳና የፀጥታ ጉዳዮች ነፃ ኮሚሽን ውስጥ የህንድ አባል ነበሩ። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የአሜሪካው ሳይረስ ቫንስ፣ የሶቭየቱ ጆርጂ አርባቶቭ፣ የናይጄሪያው ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ፣ የኖርዌይዋ ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ ተቀምጠዋል። ኮሚሽኑ በ1982 ያወጣው ሪፖርት መሠረተ ሐሳብ፣ በኑክሌር ዘመን አንድ አገር ደኅንነቱን የሚያገኘው ባላንጣውን በማስፈራራት ሳይሆን ከባላንጣው ጋር በመስማማት ነው የሚል ነበር። የቀዝቃዛው ጦርነት በጋመበት ሰዓት ይህን ማለት ቀላል አልነበረም።

ዴልሂ አጠገብ የነበራቸውን አሥራ አምስት ኤከር መሬት ለማዘር ቴሬሳ ማኅበር የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ እንዲሆን ሰጡ። የህንድን የአስተዳደር ሥርዓት የሚተች መጽሐፍ በ2003 አሳተሙ። ከሌሎች ጋር ሆነው የኩርግ ምግብ አሠራር መጽሐፍም አዘጋጅተዋል። የዚያች ተራራማ አገር ልጅ በስተርጅና ወደ እናታቸው ወጥ መመለሳቸውን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ በኤምባሲ ወጥ ቤት አቅራቢያ የተቀመጡ ሴቶችን ሥራ መንግሥት ሳይቆጥረው በኖረበት ዘመን፣ እርሳቸው የቤቱን ዕውቀት በመጽሐፍ አስቀመጡት።

በኦክቶበር 2009 በባንጋሎር አረፉ፤ 85 ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ሁለት ወር ተኩል ቀደም ብሎ፣ ኦገስት 1 ቀን፣ ኒሩፓማ ራኦ የህንድ ውጭ ጉዳይ ዋና ጸሐፊ ሆነው ሥራ ጀምረው ነበር። ይህ ወንበር በአገልግሎቱ ውስጥ ላደገ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ነው። ራኦ አገልግሎቱን የተቀላቀሉት በ1973 ነው፤ ማለትም ደንብ ቁጥር 8 በወረቀት ላይ ገና ሳለ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ናቸው። በኮሎምቦና በቤጂንግ ህንድን የወከሉ የመጀመሪያዋ ሴትም እርሳቸው ናቸው። ከእርሳቸው በፊት በ2001 ቾኪላ አይየር፣ ከእርሳቸው በኋላ በ2013 ሱጃታ ሲንግ ያንኑ ወንበር ይዘዋል። ከሱጃታ ሲንግ በኋላ የተተኩት ግን ሁሉም ወንዶች ናቸው።

አንድ ቁጥር ልጨምርና መድረኩን ለጥያቄ እለቃለሁ። ቪጃያ ላክሽሚ ፓንዲት የተባበሩት መንግሥታትን ጠቅላላ ጉባኤ የመሩት በ1953 ነው። ህንድ በኒውዮርክ ለዚያው ድርጅት ቋሚ መልእክተኛ አድርጋ የመጀመሪያዋን ሴት፣ ሩቺራ ካምቦጅን የላከችው በኦገስት 2022 ነው። በመካከሉ 69 ዓመት አለ። ካምቦጅ እንደ ሙታማ በፈተና የገቡ፣ በ1987 አገልግሎቱን የተቀላቀሉ ናቸው። ሲቀጠሩ ስለ ጋብቻቸው ያስፈረማቸው ሰው አልነበረም፤ ወረቀቱ ከስምንት ዓመት በፊት ተነስቷል።